ከመርሳ ያነሳናቸው መስታወቶች

ታላቅ እህቴ መርሳ ከተማ ያለውን የልብስ ስፌት ሱቋን ዘግታ ወልድያ እኔ ዘንድ ልትገባ መሆኑን በስልክ ስትነግረኝ ደነገጥኩ። «ወልድያ ገበያው ይሻላል» አለችኝ። አመንኳት። ሳምንቱን ሙሉ ስሠራ ከርሜ ሰውነቴ ዝሎ ነበር፤ ቢሆንም ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ።

ስደርስ ዕቃው ሁሉ ታስሯል። የቀረው ጨርቅ የምትደረድርበት የመስታወት ሳጥን ብቻ ነበር። እንዳለ ቢጫን መንገድ ላይ ይሰበራል፤ መስታወቶቹን አላቅቀን በብርድ ልብስ መጠቅለል ነበረብን። ያጣበቃቸው ሲሊኮን ግን ከዓመታት ብዛት ድርቅ ብሏል። ቶሎ ጨርሼ ጋደም ማለት አምሮኝ በካቻቢቴ ልፈነቅለው ስል መስታወቱ ሲጥ አለ።

«ተው! እጅህን ልትቆርጥ ነው!» አለች።

የጋዝ ሽታ እንዳያፍነን በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። ጓንት አጥልቀን፣ ጨርቅ በነጭ ጋዝ ነክረን ሲሊኮኑ ላይ ለጠፍንና እስኪለሰልስ ቁጭ አልን። ከዚያ ምላጩን መስታወቱ ላይ አስተኝቼ ወደ ፊት እየገፋሁ በቀስታ ላጥኩት። እሷ በሳሙና ውሃ ታጥባለች። ከታጠበ በኋላ ጓንቷን አውልቃ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ፣ መስታወቱን ሳታይ በጣቷ ትዳብሰዋለች። ነገሩ ግራ ገባኝ። ጣት የሚያህል ሲሊኮን የቀረበትን አንዱን መስታወት ፊቷ አቆምኩት።

«ይኸ ጠርቷል?»

«ጠርቷል።»

«እትዬ፣ አይታይሽም እንዴ?»

«መርፌ ላይ ክር መክተት ካቃተኝ ሰነበትኩ» አለች። «የሰው ልብስ አጣምሜ እየሰፋሁ፣ ፈትቼ እንደገና ስሰፋ ከረምኩ። ደከመኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ መቼ አረፍክ ብዬ ነዋ።»

ምላጬን አንስቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እስከ ከሰዓት ድረስ ስንልጥና ስናጥብ ቆየን። ሦስቱ መስታወቶች በደህና ወጡ፤ አራተኛው ጥጉ ተሰነጠቀ። ከሌላው ዕቃ ጋር በተከራየነው አይሱዙ መኪና ላይ ጫንናቸውና እሷ ጋቢና ውስጥ በሹፌሩና በእኔ መሃል ተቀመጠች። ሲሪንቃን ሳናልፍ እንቅልፍ ጣላት።

ሰኞ ወልድያ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። የዓይን ሞራ ነው ተባለ። አንዱ ዓይኗ ተገፎላት አሁን ክሩን ራሷ ትከታለች፤ ግን ቶሎ ስለሚደክማት የምትሰፋው ጥቂት ነው። መስታወቶቹ እንደተጠቀለሉ ከመኝታ ቤቴ በር ጀርባ ቆመዋል። ሳጥኑን መልሰን እንግጠመው የሚል ከሁለታችንም አልተገኘም።