ሦስት ጊዜ ያሸነፍነው ሩጫ

ልጅ እያለሁ ቤታችን ውስጥ ከአባቴ ቀጥሎ የሚከበረው ቪዲዮ ዴኩ ነበር። ምናልባትም ከአባቴ ይበልጥ ነበር፤ አባቴን ማንም በጥልፍ ጨርቅ አልሸፈነውምና። አባቴ እዚሁ ላሊበላ ከሆቴሎቹ በአንዱ መብራትና ቧንቧ ይጠግን ነበር። ሆቴሉ ዕቃውን ሲቀይር አሮጌውን ዴክ ከነቴሌቪዥኑ ሰጡት። ተሸክሞት ዳገቱን ሲወጣ የሰፈሩ ልጆች ሙሽራ እንደሚያጅብ ሚዜ ከኋላ ከኋላው ተከትለው መጡ። እናቴ መጀመሪያ በጥልፍ ጨርቅ፣ ከላዩ ደግሞ በፕላስቲክ አለበሰችው። እኛ ልጆቿ ዝናብ ሲመጣ ራሳችንን በደብተር ነበር የምንከልለው።

ካሴቶቻችን ሦስት ብቻ ነበሩ። አንደኛው የአንድ ቦክሰኛ ፊልም ሲሆን መጨረሻው አልተቀዳም። ቦክሰኛው ፊቱ አባብጦ እንደወደቀ፣ ዳኛው እየቆጠረ ስድስት ላይ ሲደርስ ቴሌቪዥኑ ድንገት በነጭ ነጠብጣብ ይሞላል። ከእኔ ሁለት ዓመት የሚበልጠው ወንድሜ ሞገስ፣ ቦክሰኛው ተነሥቶ አሸንፏል ብሎ ይምላል፤ እኔ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ሁለተኛው ካሴት ጎል ብቻ ነው፤ ጨዋታ የሚባል ነገር የለበትም፣ ከጎል ወደ ጎል ይዘላል። እግር ኳስ ማለት በየደቂቃው ጎል የሚገባበት ነገር እየመሰለኝ አደግኩ። በኋላ ሙሉ ጨዋታ ተቀምጬ አይቼ ዜሮ ለዜሮ ሲያልቅ የተዘረፍኩ ያህል ነበር የተሰማኝ።

ሦስተኛው ሩጫው ነው። አባቴ ራሱ ከሆቴሉ ዲሽ ላይ የቀዳው የዓለም ሻምፒዮና፣ የሴቶች አሥር ሺህ ሜትር፣ የመጨረሻዎቹ ስምንት ዙሮች። በጀርባው በእስክሪብቶ «ሩጫ፤ እንዳይነካ» ብሎ ጽፎበታል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤቱ በርጩማውን ይዞ ይመጣል። አባቴ የዴኩን ሆድ ከፍቶ በጥጥና በአልኮል ይወለውለዋል፤ ቤቱን የአልኮልና የጋለ ፕላስቲክ ሽታ ይሞላዋል። ዛሬም ጤና ጣቢያ ገብቼ አልኮል ሲሸተኝ መርፌ ሳይሆን ሩጫ ነው ትዝ የሚለኝ።

አረንጓዴና ቢጫ የለበሰችው ልጃችን አንዴ አራተኛ፣ አንዴ አምስተኛ እየሆነች ስታስጨንቀን ትቆያለች። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ከፊቷ ሁለት ፈረንጆች አሉ። መጨረሻው ኩርባ ላይ በውጭ በኩል ትወጣና ሁለቱንም ጥላቸው ትሄዳለች። ይህን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ያም ሆኖ ደወሉ ላይ ስንደርስ ቆሎ የሚቆረጥመው ጥርስ ሁሉ ቀጥ ይላል።

እማማ ደብሬ የመጡት ሩጫው በተቀዳ በዓመቱ ነው። የአባቴ አክስት ናቸው፤ አገራቸው በይምርሐነ ክርስቶስ በኩል ነው። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ሐኪም እስኪያያቸው ድረስ እኛ ዘንድ ሊሰነብቱ መጡ። ቀጭን፣ ተጫዋች፣ ምላሳቸው የማይተኛ ሴት ነበሩ፤ እናቴ ወጡ ላይ ጨው ሲበዛባት «ልጄ፣ አሞሌ ረከሰ እንዴ?» ይሏታል። ሰውን የሚለዩት በድምፁ ነው፤ ከቴሌቪዥኑም የሚታያቸው ቀለም ብቻ ነበር። ቪዲዮ የሚባል ነገር ደግሞ በዕድሜያቸው አጋጥሟቸው አያውቅም።

በመጀመሪያው እሑድ አጠገባቸው የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ካሴቱ ውስጥ የሚያወራው ሰው በፈረንጅ አፍ ነው የሚያወራው። ሞገስ አስጎብኚዎች ለቱሪስት ሲያስረዱ እየሰማ ያደገ ልጅ ስለሆነ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቴሌቪዥኑ ጥግ ቆመና ይተረጉምላቸው ጀመር። እንግሊዝኛው ከሰላምታ አያልፍም፤ ድፍረቱ ግን ለሦስት አስጎብኚ ይበቃል። እማማ ደብሬ ቢጫዋ የማን ልጅ ናት ብለው ሲጠይቁ፣ ሰውየው ከቡግና ናት እያለ ነው አላቸው። ቡግና ማለት ከእኛው ተራራ ባሻገር ያለ አገር ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልጅቷ የእሳቸው ሆነች። ወደኋላ በቀረች ቁጥር «እናቷ ይኼን ጊዜ ምን ይውጣት ይሆን» እያሉ እጄን ይጨብጡኛል።

ደወሉ ሲደወል ብድግ ብለው አማተቡ። ደወል ለእሳቸው ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያ ጎንበስ አሉና፣ ከእኔ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ እመቤታችን ልጅቷን ብታስቀድምላቸው አንድ እስር ጧፍ ሊያገቡ ተሳሉ። ልጅቷ ቀደመች። በማግስቱ ጧፉን ይዘው እናቴን ምሪኝ አሉና ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እናቴ ለዓይናቸው የተሳሉ መስሏት ምንም አልጠየቀችም።

እኔ ግን በደስታ ልሞት ነበር። ያን ያለቀ ሩጫ እንደ አዲስ የሚያይ ሰው ቤታችን ገባ ማለት ነው። በሚቀጥለው እሑድ፣ ሳይጠይቁኝ፣ «እማማ፣ የቡግናዋ ልጅ ዛሬም ትሮጣለች» አልኳቸው። ጥበቡ ሁሉ ካሴቱን በትክክል ወደ ኋላ መመለስ ብቻ ነበር። ዛሬም ወደኋላ ቀረች፣ ዛሬም ደወል ተደወለ፣ እሳቸውም በዘቢብ ተሳሉ። ከሞገስ ጋር ተያይተን ሳቃችንን በነጠላ አፈንነው። ስለቱን ግን ለእሱም አልነገርኩትም፤ እንደ ከረሜላ ለብቻዬ ነበር የያዝኩት።

በሦስተኛው እሑድ ልክ ደወሉ ላይ መብራት ሄደ። ቤቱ አጉረመረመ፣ አባቴ ፊውዙን ሊያይ ወጣ። እማማ ደብሬ ቆመው ቀሩ። ልጅቷ ሦስተኛ እንደሆነች፣ አንድ ዙር እንደቀራት፣ ጨለማ ውስጥ የቀረች ያህል ነበር የተጨነቁት። «አንች ትርንጎ፣ ምን ሆነች? ምን ሆነች ልጄ?» እያሉ ትከሻዬን ያዙኝ። ታሸንፋለች ብል ያበቃ ነበር። አልተነፈስኩም። መብራት ሲመጣ የሚሆነውን ማየት ፈልጌ ዝም አልኩ። ያን ጊዜ ነው ጎንበስ ብለው፣ አሸተን ማርያም ድረስ በእግራቸው ወጥተው ዘቢቡን በእጃቸው ሊያገቡ የተሳሉት።

መብራት መጣ፣ ልጅቷ አሸነፈች፣ ሰው አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። እማማ ደብሬ ቀኝ ጉልበታቸው ታሞ ከመደቡ እንኳ በሰው ነበር የሚነሡት። አሸተን ደግሞ ጎረምሳን የሚያስለኸልህ ዳገት ነው፤ ጫፉ አካባቢ ገደሉን ተጠግቶ የሚታለፍ ጠባብ መንገድ አለው። ሌሊቱን አሮጊቷ በእኔ ውሸት ገደል ሲገቡ እያየሁ አደርኩ።

አባቴና እናቴ በቅሎ ይፈለግልዎ ብለው ለመኗቸው። ስለቱ በእግር ነው አሉ። እኔ ፊደል ወዳስቆጠሩን የኔታ ሄድኩና፣ አንድ ሰው አስቀድሞ ባለፈ ነገር ቢሳል ይያዝበታል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ማን ነው ሰውየው አሉኝ። የሆነ ሰው ነው አልኩ። የኔታ ጢማቸውን እያሻሹ ትንሽ አዩኝና፣ የተሳለው ሰው ጉዳይ ከእመቤታችን ጋር ነው፤ ያሳሳተውን ሰው ግን ሳይመሽ ተናገር በይው አሉኝ። አልተናገርኩም። መሸ፣ ነጋ፣ ሊወጡ የቆረጡበት የማርያም ቀን፣ ወር በገባ ሃያ አንድ፣ ደረሰ።

አባቴ እኔን ዓይን እንድሆናቸው ላከኝ። እሺ ባይሉም በቅሎውን አስከትሎልናል፤ ባለበቅሎው ባዶ በቅሎ እየሳበ፣ ለራሱ እያጉተመተመ፣ ከኋላችን ይመጣል። እማማ ደብሬ አንድ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ፣ ሌላውን ዱላቸው ላይ አድርገው ድንጋይ በድንጋይ ወጡ። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙት። አላቃሰቱም፤ ከንፈራቸው ግን ነጥቷል። ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመርኩ። ሁሉንም ዘረገፍኩት፦ ሩጫው አንድ ብቻ እንደሆነ፣ አምና ተሮጦ ያለቀ እንደሆነ፣ እየመለስን እንደምናሳያቸው፣ ቡግናውንም ሞገስ እንደፈጠረው።

እማማ ደብሬ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

«እኔ አስቀድሚያት ስል፣ ልጅቱ ቀድማ ነበር?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ሦስቱንም ጊዜ?»

«ሦስቱንም።»

አንገቴን ደፍቼ ኩርኩም ጠበቅኩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ቀና ብዬ ባይ እየሳቁ ነው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ባለበቅሎው ያመማቸው መስሎት ሮጦ መጣ።

«አየሽ፣ ሳልለምናት ሰጥታኝ ኖሯል» አሉ። «ለምኖ ያገኘ በበቅሎም ይውጣ። ሳይለምን የተሰጠውማ በእግሩ ነው የሚወጣ።»

ከዚያ ጆሮዬን ያዙና ጠምዘዝ አደረጉት፤ አላመመኝም። ዓይኔን ነው እንጂ ሞራ የጋረደው ጆሮዬ ደህና ነው፣ እውነቱን ብትነግሪኝ እሰማ ነበር አሉኝ። ልጅቷስ የቡግና አለመሆኗ አላሳዘነዎትም ወይ ስላቸው፣ እሱ ይቅር፣ የማንም ትሁን እናት አላት አሉ። ተነሡና ዱላቸውን አስቀደሙ። ቀሪውን መንገድ እያረፉ፣ እየሳቁብኝ ወጡ። እኔም ከዚያ በኋላ ገደሉን አልፈራሁትም፤ ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ እዚያው ጠፍጣፋው ድንጋይ አጠገብ ቀርቷል። ላይ ስንደርስ ቄሱ ዘቢቡን ተቀብለው ስለቱ ለምን እንደሆነ ጠየቁ። እማማ ደብሬ ወደ እኔ ዞር ብለው «ለአንዲት የቡግና ልጅ» አሉ።

ስንመለስ በቅሎው ይምጣ አሉ። ባለበቅሎው ተገርሞ ስለቱስ ቢላቸው፣ የተሳልሁት ለመውጣት ነው፣ ለመውረድ ማን ጠየቀኝ ብለው እየተደገፉ ኮርቻው ላይ ወጡ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ደሴ ሄደው ሞራው ተገፈፈላቸው። ተመልሰው መጀመሪያ የጠየቁት ሩጫውን ነው። አባቴ ካሴቱን ከተተው፤ እሳቸውም የልጅቷን ፊት ያን ቀን አዩት። «ይችው ናት እንዴ እንዲህ ያስወጣችኝ? አጥንት ብቻ እኮ ናት» አሉ። ደወሉ ሲደወል ግን እንደወትሯቸው ብድግ ብለው አማተቡ።

አሁን እማማ ደብሬ የሉም፤ ካሴቱንም ሻጋታ በልቶታል። ዛሬ ለማንም ሰው ሩጫውን መልሶ ማየት ከባድ አይደለም። ልጄ ሰላም በስልኳ የፈለገችውን ውድድር በአንድ ደቂቃ ታወጣለች፤ በርጩማ ይዞ የሚመጣ ጎረቤት አያስፈልጋትም፣ የሚጠረግ የዴክ ሆድ የለም። ምቹ ነው፤ አላማርርም። ብቻ ውጤቱ ሁልጊዜ ከሩጫው ቀድሞ ቤታችን ይገባል። ያለፈው ሰሞን የአንዲት ልጃችንን ሩጫ ልታሳየኝ ስልኳን ስታቀብለኝ «አንደኛ ወጥታለች» ብላ ነው ያቀበለችኝ።

እያወቅኩ አየሁት። በመጨረሻው ዙር ልጅቷ ወደኋላ ስትንሸራተት እጄ ራሱ ተነሥቶ አማተበ፤ አፌም የእማማ ደብሬን ስለት አወጣ፤ አሸተን ማርያም፣ በእግር። ሰላም ሳቀችብኝ። አንደኛ ወጥታለች አልኩሽ እኮ እማዬ፣ ምን ያስጨንቅሻል አለች። ቀን መቁጠሪያውን አየሁ። ሃያ አንድ የሚውለው እሑድ ነው። ጉልበቴን ስለምታውቅ በቅሎ ልፈልግልሽ ብላኛለች። አይሆንም አልኳት።