ፊት የሌለው ፈታኝ

ሁለት ዓይነት የእንግሊዝኛ ፈተና ነበር የቀረበልኝ። አንደኛው ቤቴ ቁጭ ብዬ ለኮምፒውተር የማወራበት፣ ሌላኛው አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ከፈታኝ ጋር ፊት ለፊት የምቀመጥበት። ለማስተርስ የተቀበለኝ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ውጤቱን እስከ ወሩ መጨረሻ ላኪ ብሎኛል፤ ሁለቱን ለመሞከር ጊዜ የለኝም። ከወደቅኩ ቦታዬ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ እኔም ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሸሚዝ ስፌት ስፈትሽ እኖራለሁ።

ዓይን አፋር ነኝ። የሥራ ጓደኞቼ በሙሉ «ኮምፒውተር አያፈጥብሽም፣ እሱን ያዢ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው ብዬ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ አሮጌ ቪላ ውስጥ ያለ ማሠልጠኛ ገባሁ።

የመጀመሪያው ቀን ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ጥያቄው መጣ፣ የመቅጃው ቀይ መብራት በራ፣ እኔ ደረቅኩ። ኧረ አቦ፣ የማውቀው እንግሊዝኛ የት ገባ? ዝምታው ሲጨንቀኝ «ሄሎ» አልኩ። መልስ የለም። «ነበድ?» አልኩ በሶማሊኛ። ዝም። «አከም?» አልኩ በኦሮምኛ። አስተማሪው ቅጂውን መልሶ ሲያሰማን ክፍሉ በሳቅ አበደ። እኛ ድሬዎች የማናውቀውን ሰው የምንጠጋው እንዲህ ነዋ! ሰላምታ እንሞክርና ፊቱ በበራበት ቋንቋ እንቀጥላለን። ማሽን ላይ የሞከርኩት ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ተናድጄ በቀጥታ ጎረቤታችን ሱቅ ሄድኩ። ሶማሌ ናት፣ ጨርቅ ትነግዳለች፤ ሰፈሩ ሁሉ «ኤዶ» ይላታል፣ አክስት ማለት ነው። አፌን ሳልከፍት ገበያው ተግተለተለ። ከገጠር የመጣችውን እናት በኦሮምኛ እያሳቀች ጨርቅ በሜትር ትለካለች፣ በር ላይ የቆመውን ሾፌር በሶማሊኛ ትቆጣለች፣ የሐረሯን ሴት በሐረሪ ትመርቃለች፣ ስልክ አንስታ በዐረብኛ ትከራከራለች፣ እኔን በአማርኛ «ቁጭ በይ እንጂ!» ትለኛለች። ቀና ብላ ፊት ታያለች፣ በቃ፣ ቋንቋው ይመጣል። ፊደል የቆጠረች ሴት አይደለችም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው የኖርኩት ነገር ነው፤ የዚያን ቀን ግን ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ሳይ ነበር?

ጉዴን ነገርኳት። ሳቋ ሲበርድላት፣ «ወላሂ ሞኝ ነሽ። ሰው ለሌለበት ምን ይወራል? ሰው ፊት ሂጂ» አለችኝ።

«አፍራለሁ እኮ፣ ኤዶ።»

«እፈሪያ! እያፈርሽ አውሪ።»

ለአዲስ አበባው ተመዘገብኩ። ጓደኞቼ አበደች አሉ።

ፈታኙ ሽበታም ሰው ነው፣ የደከመው ይመስላል። አንድ ነገር አሳምሮ ስለሚችል ሰው ንገሪኝ አለኝ። ፊቱን አየሁትና ስለ ኤዶ ጀመርኩ፤ ስለ ሜትሯ፣ ስለ ሾፌሩ፣ ስለ ስልኩ። መሐል ላይ ፊቱ በራ። ከዚያ በኋላ ቃላቱ ከየት እንደመጡልኝ ፈጣሪ ይወቀው።

ውጤቱ ዩኒቨርሲቲው ከጠየቀው በላይ ሆነ። አሳትሜ መጀመሪያ የወሰድኩት ለእሷ ነው። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችኝና ገልብጣ አየችው።

«ይሄ ለስንት ቋንቋ ነው?»

«ለአንድ።»

«ለአንድ ብቻ? ሱብሃነላህ!» ወረቀቱን እንዳይቆሽሽ ቀስ ብላ መለሰችልኝ። ትንሽ አሰበችና፣ «እና ይሄን ሳታሳዪያቸው፣ እንዲሁ ብታናግሪያቸው አያምኑሽም?» አለችኝ።

ይህን ጊዜ ገበያተኛ ገባ፤ ቀና ብላ ፊቱን አየችና በራሱ ቋንቋ ሰላም አለችው።