የሂልያ ሃምሳ ያርድ

ሂልያ ማታላ ባሏ አርቮ ከሞተ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ የአደን ዋዜማ ወደ ጎጆአችን ብቻዋን መጣች። ትከሻዋ ላይ ካራቢን የምንለው አጭሩ ጠመንጃዋ ተንጠልጥሏል፤ ብብቷ ሥር በፎጣ የጠቀለለችውን ሥጋና ድንች የተሞላ ፓስቲ ሸጉጣለች።

"ምሳዬን ይዣለሁ፤ ለእኔ ማንም እንዳይጨነቅ" አለች ገና በሩን ሳትዘጋ።

አጋዘን የምናድንበትን ይህን ጎጆ ከአርቮ ሞት ወዲህ የሚመራው ታናሽ ወንድሙ ሬይኖ ነው። ጢሙ ላይ የቀረውን በረዶ እየጠረገ ቀና ብሎ አያት።

"ሂልያ፣ ዘንድሮ እንኳ ምድጃው ዳር ሞቅ ብሎሽ ብትቀመጪስ? ሰባ ዓመት ቀልድ አይደለም።"

"ስልሳ ስምንትም ቀልድ አይደለም፣ ዋርሳዬ። ምድጃውን ከወደድከው አንተ ሙቀው።"

ሬይኖ የሻይ ሰሃኗን ከመደርደሪያው አነሳ። ሕጋችን የታወቀ ነው። በዋዜማው እያንዳንዱ አዳኝ መቶ ያርድ ላይ የተሰቀለችውን ሰሃን መሃሏን አልሞ ይተኩሳል። የሳተ ሰው የማድፈጫ ቦታውን ያጣና በመክፈቻው ቀን ምድጃ ሲያነድ፣ ድንች ሲልጥ ይውላል። የሂልያ ቦታ ከረግረጉ ውስጥ፣ ከጽዶቹ መሃል፣ እሷና አርቮ በእጃቸው የሠሩት መቀመጫ ነው። ከሳተች ቦታው ተረኛ ለሆንኩት ለእኔ ይደርሳል። እኔ የእህቷን ልጅ ያገባሁ ሰው ነኝ፤ ቦታውን አልተመኘሁም ብል ማንም አያምነኝም።

ሂልያ ግንድ ላይ ተደግፋ ሦስት ጊዜ ተኮሰች። ካራቢኗ አንዱን ጥይት ተፍቶ ሌላውን በራሱ የሚጎርስ ነው፤ እሷ ግን በየመሃሉ ትንፋሿን ትሰበስብ ነበር። ሄደን ስናይ ሰሃኗ ደህና ናት። ሦስቱ ቀዳዳዎች ከሥሯ ባለው ሰሌዳ ላይ፣ በአንድ መዳፍ የሚሸፈኑ ሆነው፣ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል።

"ሳትሽ" አለ ሬይኖ።

"አልሳትኩም። ሃምሳ ያርድ ላይ ነው ያስተካከልኳት። መቶ ላይ ዝቅ ማለቷን ሳልተኩስም አውቃለሁ።"

ሬይኖ ከኪሱ የብሎን መፍቻ አውጥቶ ዘረጋላት። "እንግዲያው ማነጣጠሪያውን ትንሽ ከፍ አድርጊና እንደገና ተኩሺ። ቦታሽን ታተርፊያለሽ። ማን ጠላሽ?"

"ጆሮህን ጥረግበት" አለችና መፍቻውን ወደ ኪሱ መለሰችው።

እዚህ ላይ ነገሩን ቀስ ብዬ ላስረዳ፤ እኔ ራሴ ሲገባኝ ከደስታዬ ብዛት ለሚስቴ በብርቱካን እየወረወርኩ ያሳየኋት ነገር ነው። ጥይት ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለናል እንጂ ከአፈሙዝ እንደወጣ መውደቅ ይጀምራል። ዓይናችን የሚያየው መስመር ግን ቀጥ ያለ ነው፤ ያውም ከአፈሙዙ ከፍ ብሎ የሚያልፍ። ስለዚህ ማነጣጠሪያውን ስናስተካክል አፈሙዙን በጣም ጥቂት ወደ ላይ እናቀናዋለን። ጥይቱ ከዓይናችን መስመር ሥር ይነሳል፣ ወጥቶ ይሻገረዋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይወርድና የመረጥነው ርቀት ላይ ያገኘዋል። ርቀት መምረጥ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፤ የሚገናኙበትን ቦታ መቅጠር።

የሂልያ ካራቢን ጥይት አጭርና ከባድ ነው፤ ቶሎ ይወርዳል። ቀጠሮውን መቶ ላይ ካደረገችው መንገዱ ይጎብጥና ሃምሳው ላይ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ያልፋል። ሦስት ጣት ምንድን ነው? ሜዳ ላይ ለቆመ አጋዘን ምንም አይደለም፤ ደረቱ ሰፊ ነው። ረግረጉ ውስጥ ግን ሙሉ አጋዘን የሚባል ነገር የለም። በሁለት ጽዶች መሃል አንገት ብቻ ብቅ ይላል፣ ያውም ለቅጽበት። እዚያ ሦስት ጣት ከፍ ማለት አንገቱን ቧጭሮ እንስሳውን ለሥቃይ መልቀቅ ነው። ቀጠሮው ሃምሳ ከሆነ ግን ጥይቱ ረግረጉ ለዓይን እስከሚፈቅድበት ድረስ ከዓይኗ መስመር አንድ ጣት እንኳ አይርቅም። ከስልሳ ያርድ ወዲያ ደግሞ እዚያ ቅርንጫፍ እንጂ አጋዘን ታይቶ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ሬይኖ ያውቃል። "ሕግ ሕግ ነው" አለ ግን። "ደግሞ በራሱ የሚጎርስ ይዘሽ ምን አሳሰበሽ? ስድስቱንም እርጪ፤ አንዷ ታገኘዋለች።"

"እንዳንተ ነው እንዴ የምተኩሰው?" አለችና ወደ ጎጆው ገባች። ተከተልናት።

አጋዘን የሳተ ሰው የሸሚዙ ጭራ ተቆርጦ፣ ስሙና የሳተበት ቦታ ተጽፎበት ግድግዳ ላይ ይቸነከራል። የቆየ ልማዳችን ነው። ሂልያ ጣቷን በጨርቆቹ ላይ አስሄደች።

"ይሄ ቀይ የማን ነው? ሬይኖ፣ የመብራት መስመሩ። ይሄስ አረንጓዴ? ሬይኖ፣ የመብራት መስመሩ። ይሄ ባለመስመሩ ደግሞ እኔ የሰፋሁልህ ነው፤ አፈር ብላ! አንተ አጋዘን የምትጠብቀው ሁለት መቶ ሃምሳ ያርድ ላይ፣ ጠመንጃህን የምታስተካክለው መቶ ላይ።"

"ከፍ አድርጌ አልማለሁ!"

"ሕጉ መሃሉን ይላል። እኔን የያዘ ሕግ አንተንም ይያዝሃ።"

ሰዎቹ መሳቅ ጀመሩ። ሬይኖ ፊቱ ቀላ፤ ባለመነጽሩን ጠመንጃውን ነጥቆ ወጣ። ሂልያ ሰሃኗን አይደለም፣ የአጋዘን ደረት የሚያህለውን ትልቁን የዳቦ ትሪ አስይዛኝ የኤሌክትሪክ ሽቦ ለማሳለፍ ዛፉ በተመነጠረበት የመብራት መስመር ላይ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ያርድ ርቀት፣ አሰቀለችኝ። ሬይኖ ተኮሰ። ከትሪው ሥር አፈርና በረዶ ቦነነ። ደገመ፤ እዚያው ቦነነ።

"ንፋስ ነው" አለ።

"ወደ ታች የሚነፍስ ንፋስ ዛሬ ገና አየሁ።"

ሬይኖ አልሳቀም። "እሺ፣ እኔም ሳትኩ። አንቺ ግን ቀድመሽ ስተሻል፤ ምድጃውን ትጠብቂያለሽ። ቦታው ለዚህ ይሰጣል" ብሎ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ።

ሂልያ ዞራ አየችኝ። "ትሄዳለህ?"

"እኔ... እትዬ ሂልያ፣ መቀመጫው የእርስዎ ነው" አልኩ።

"ሰማህ ዋርሳዬ? አሁን ስማኝ። መቶ ላይ አላስተካክላትም። ዘንድሮም፣ ከርሞም። ሰሃን ለመስበር ስል በእንስሳ ሥቃይ አልቀልድም። ቦታዬን የፈለገ ሰው እላዬ ላይ መጥቶ ይቀመጥ።"

በመክፈቻው ማለዳ ከሁላችን ቀድማ ተነሳች። ቦት ጫማዋን አሰረች፣ ካራቢኗን አነሳች፣ በቀዘቀዘው ምድጃ አጠገብ አንድ እንጨት ሳትጨምር አለፈችና በሩን ከፈተች። ሬይኖ ከብርድ ልብሱ ውስጥ አንገቱን አወጣ።

"ሂልያ! ቢያንስ ውኃ ጥደሻል?"

"አልጣድኩም!" አለች ከበረዶው ላይ። እግሯ በረዶውን እየረገጠ ወደ ረግረጉ ሲርቅ ይሰማ ነበር።

ሁላችንም ዞረን ሌላውን የሳተ ሰው፣ ሬይኖን፣ አየነው። ከዚያ እያጉረመረመ ተነሳና ክብሪት መፈለግ ጀመረ።