በፌስታል የያዝኩት ሣር

ወደ ጨንቻ የወጣሁት ይቅርታ ለመጠየቅ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶችን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እመራለሁ። ከተማው በታወከ ሰሞን ልጆቹ «ወገኖቻችን ሌላ ክልል ሲገደሉ እጃችንን አጣጥፈን እንይ?» ብለው ጠየቁኝ። ጌታ «ሰይፍ የሌለው ልብሱን ሸጦ ይግዛ» ያለበትን ቦታ አነበብኩላቸውና መጽሐፉን ዘጋሁ። እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ በሰይፍ የተቆረጠ ጆሮ እንደሚፈውስ አውቃለሁ። አላነበብኩትም።

በማግስቱ ልጆቹ ድንጋይ ይዘው ወደ ዘሪቱ ሱቅ ሄዱ፤ ዘሪቱ ከዚያው ክልል መጥታ እኛ ሰፈር የምትነግድ ሴት ናት። የጋሞ ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ለማስታረቅ እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። አንድ ድንጋይ ከመካከላቸው ከጨንቻ የወረዱትን የአባባ ሻንካን ግንባር ፈነከተ። እርሳቸው አልተነሡም፤ ልጆቹም ተመለሱ። ሁሉንም በመስኮት አይቻለሁ።

ሲቀላ፣ ጧት አንድ ሰዓት ተኩል

ሴቻ ካለው ቤቴ ደጃፍ ሣር አጭጄ፣ በፌስታል ይዤ ሲቀላ መናኸሪያ ደረስኩ። የአገሩን ወግ ጠንቅቄ የጠበቅኩ መስሎኝ ነበር። የሚኒባሱ ዋጋ ሃያ አምስት ብር ነው። አጠገቤ የተቀመጡ የሽመና ልብስ ነጋዴ ፌስታሉን አዩና፣

«እህቴ፣ ለበግ ነው?»

«ለእርቅ ነው።»

«በፌስታል?» ብለው ሳቁ። ተሳፋሪውም ሳቀ።

የጫኖን የሙዝ ማሳ አልፈን ወደ ተራራው ታጠፍን። መኪናው በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ የአባያ ሐይቅ ከታች ቀላ ብሎ ታየ፤ ከዚያ ቀርከሃና እንሰት፣ ከዚያ ጉም። ነጠላዬን ደረብኩ። በመንገዱ ሁሉ የምናገረውን በልቤ አስተካክል ነበር፤ ጥቅሱ በዚያ ቦታ ምን ማለት እንደሆነ ጭምር።

ጨንቻ፣ አራት ሰዓት

የአባባ ሻንካ ባለቤት በር ላይ ተቀበሉኝ። ፌስታሉን ሲከፍቱት ሣሩ ጠውልጓል።

«ከቆላ ሣር ይዘህ መጣህ? እዚህ ሣር የለም?»

«ይዘሽ» ብዬ አማርኛቸውን ላርም አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ለዚህ ነው የመጣሁት?

ቆጮ፣ ዳጣ ከሚሉት የቃሪያ ማባያ ጋር ቀረበልኝ። አባባ ሻንካ ግንባራቸው ላይ ጠባሳው አለ። መሬት ላይ ተንበርክኬ ሣሩን ዘረጋሁላቸው።

«ተነሺ ልጄ። እርጥብ ሣር የሚይዘው ሊያስታርቅ መሐል የሚገባ ሰው ነው። የበደለ ባዶ እጁን ይመጣል።»

ፊቴ ጋለ። ተነሥቼ ነገርኳቸው፤ ጥናቱን፣ ያነበብኩትን። «ጥቅሱ ግን በዚያ ቦታ ትርጉሙ...» ስል አቋረጡኝ።

«ባለሱቋ ይህን ሰምታለች?»

«አልሰማችም።»

«ቤቷ ሩቅ ነው?»

«ከእኔ ሁለት ቤት አልፎ።»

«ታዲያ ከሁለት ቤት ሸሽተሽ ተራራ ወጣሽ!»

ባለቤታቸው ሳቁ። እኔ ሣሩን ሰብስቤ ወደ ፌስታሉ መለስኩ። ስወጣ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው፤ ድንጋዩ ሲመታቸው ለምን አልተነሡም?

«ብነሣ ልጆቹ ያልፉ ነበር» አሉኝ። ጥቅስ አልጠቀሱም።

ሴቻ፣ አሥራ አንድ ሰዓት

ስመለስ ቤቴን አልፌ ወደ ዘሪቱ ሱቅ ሄድኩ። ድንጋይ ከተወረወረበት ቀን ወዲህ ሳሙናዬን እንኳ የምገዛው ከሌላ ሱቅ ነበር።

«ምን ልስጥሽ?» አለች ዘሪቱ በፍርግርጉ በኩል።

ክብሪት ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር።

«ምንም። እንድትሰሚኝ ነው።»

ቆሜ ነገርኳት። ስለ ጥቅሱ ትርጉም አንድም ቃል አልጨመርኩም። እስክጨርስ ስኳር መስፈሯን አላቆመችም።

«የሽማግሌውን ደም ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «ቀና ስል መስኮትሽን ስትዘጊ አየሁሽ። እስክትመጪ እየጠበቅኩ ነበር።»

ይቅር ማለቷን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ያህል ነው፤ የሚከብደው መንገድ የጨንቻው ዳገት አልነበረም። እሑድ ልጆቹን እሰበስባለሁ። ከዘጋሁበት ቦታ ገልጬ ቀሪውን አነባለሁ፤ ለምን እንደዘጋሁትም እነግራቸዋለሁ።