የ«ና ውሰድ» ዋጋ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ ቶሎሳ እስክሪብቶዬን ቀሙኝ። በምትኩ እርሳስና ላጲስ ሰጡኝና፣ «በዚህ ሥራ እስክሪብቶ ክልክል ነው። ዛሬ ባወጣሽው ዋጋ ነገ ታፍሪያለሽ» አሉኝ። ከዚያ ባለ ካሬ ደብተር፣ ሦስት የሉዶ ዳይስና መቶ አሥራ ሁለት ዕቃዎች የተዘረዘሩበት ወረቀት ፊቴ አስቀመጡ። የመጀመሪያው መስመር «ውኃው የማያልቅ ቅል፣ ሠላሳ ወርቅ» ይላል። እኔ እስከዚያ ቀን የመንገድ ተቋራጭ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ሲሚንቶና ብሎን ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ወንበር ሳብኩ።

ጋሽ ቶሎሳ የወለጋ ሰው ናቸው፤ አሶሳ ከከተሙ ግን ብዙ ጊዜያቸው ነው። የሠርግ ጥሪ ካርድና የደረሰኝ ጥራዝ ያትማሉ። አንድ ዘመዳቸው ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣውን የጠረጴዛ ጨዋታ አይተው፣ «ይህንማ በራሳችን አገርና በራሳችን ቋንቋ እንሠራዋለን» ብለው ተነሡ። ስሙንም «ደረቅ መንገድ» አሉት።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ አንድ መንገደኛ ይሆናል። አጫዋቹ መንገዱን ይተርካል፤ «ኩርባው ላይ ጅብ ቆሟል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ተጫዋቹ ይወስናል፣ ዳይሱ ይፈርዳል። መንገደኞቹ በጉዞ ባገኙት ገንዘብ ከየከተማው በካርድ ላይ የተጻፈ ምትሃታዊ ዕቃ ይገዛሉ። ዕቃው ከረከሰ የገዛው ሰው የሚፈራው ነገር አይኖርም፣ ጨዋታውም ይሞታል። ከተወደደ ደግሞ ካርዱ አቧራ ይጠጣል። የእኔ የሥራ መደብ ዋጋ አውጪ ሲሆን፣ ሥራው በእነዚህ በሁለቱ መሐል መቆም ነው።

የምንፈትነው እሑድ እሑድ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ፣ በማተሚያ ቤቱ ጓሮ ክፍል፣ የወረቀት መቁረጫው አጠገብ ነበር። አጫዋቹ ጋሽ ቶሎሳ፣ ተጫዋቾቹ ሦስት። አንዷ እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ ሐዋ፣ ገበያ ውስጥ ሽቶ፣ ጨርቅና ዶቃ የምትሸጥ የኩርሙክ ሴት። ሦስተኛው ጌታሁን፣ ከፓዌ ተዛውሮ የመጣ የእርሻ ባለሙያ። ጋሽ ቶሎሳ ገና ከመጀመሪያው፣ «ሦስት ተጫዋች ከጎደለ ጨዋታ የለም፤ ወረቀቱን ለሠርግ ካርድ አደርገዋለሁ» ብለው ነበር። እንደሚያደርጉትም አውቅ ነበር።

የሐዋ የቤት ቋንቋ በርታ ነው። በእሷ አማርኛ ወንዱም ሴቱም «አንተ» ነው፤ ትንሽና ትልቅም የለም። የመጀመሪያው እሑድ ዝርዝሩን ሳነብላት አቋረጠችኝ።

«አንተ ትዕግሥት፣ ገመድ ሁለት ወርቅ?»

«አዎ።»

«ወርቅ አጥበህ ታውቃለህ? እናቴ ሙሉ ቀን ውኃ ውስጥ ቆሞ የጤፍ ፍሬ የሚያህል ያገኛል። ሁለት ወርቅ ሰጥቶ ገመድ የሚገዛ ሰውዬ ዝሆን ሊጎትት ነው?»

ወርቅ በሚታጠብበት አገር ተቀምጠን ወርቅን እንደ ቆርኪ በትነነው ነበር። በሳምንቱ ከሐዋ መደብር ዶቃ አመጣንና የጨዋታው ገንዘብ ዶቃ ሆነ። መቶ አሥራ ሁለቱን ዋጋ በላጲስ አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩ።

ቅሉም አዋረደኝ። ዋጋውን በዶቃ ስጽፍ የጋሽ ቶሎሳን ሚዛን ስለተከተልኩ የሚነድ ሰይፍ ዘጠኝ መቶ ሲሆን ቅሉ ግን ሠላሳ ነበር። መንገዱ ደግሞ በበጋ ወደ ኩርሙክ የሚወስደውን የሚመስል ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ውኃ የለም። ሐዋ በመጀመሪያው ከተማ ቅሉን ገዛችና ጉዞውን እየዘፈነች ጨረሰችው። እኔ ሰይፌን እንደታጠቅሁ በጥም ሞትኩ። ያን ቀን ደብተሬ ላይ ሦስት ጥያቄ ጻፍኩ፤ ዕቃው የቱን ችግር ይፈታል? ስንት ጊዜ ይሠራል? ችግሩስ በዚህ መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ይገጥማል? ቅሉን ወደ አራት መቶ ዶቃ አወጣሁት። ከዚያ በኋላ ያለ እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ዋጋ አውጥቼ አላውቅም።

ትልቁ ችግር ግን ቁጥሬ ውስጥ አልነበረም። ሐዋ ካርድ በያዘች ቁጥር ሻጩን ሆነው ለሚጫወቱት ለጋሽ ቶሎሳ አንዲት ጥያቄ ታቀርባለች። «መጨረሻው ስንት ነው?» ትላለች። ጋሽ ቶሎሳ ደግ ሰው ናቸው፤ ይቀንሳሉ። እሷ ትጨምቃለች፣ እሳቸው እንደገና ይቀንሳሉ። ስምንት ሳምንት ለፍቼ ያመጣጠንኩትን ዋጋ በግማሽ ትወስደዋለች።

ጌታሁን ደግሞ ይንተባተባል። ብልህ ሰው ነው፤ ከእያንዳንዱ እሑድ በኋላ በእጁ ጽፎ የሚሰጠኝ አስተያየት ከእኔ ደብተር ይበልጥ ነበር። መከራከር ሲሆን ግን ቃሉ ጉሮሮው ላይ ይቆማል። «ሁ... ሁ...» ሲል እኛ ደግሞ አይደብረን፣ «ሁለት መቶ?» ብለን እንጨርስለታለን። ፊቱ ይቀላል፤ የተጻፈውን ዋጋ ከፍሎ ይገላገላል። አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ለእሱ ሁሉም ነገር እጥፍ ነበር። መንገደኛው ችግኝ አፍይ ነው፤ በደረቁ ከተማ ማንጎ ሊተክል ቅሉን ይፈልገው ነበር። ዶቃው አንድም ቀን አልደረሰለትም።

እኔ በግምጃ ቤት ልማዴ መፍትሔውን አገኘሁት ብዬ ኮራሁ። ከየካርዱ ግርጌ «ቁርጥ ዋጋ» የሚል ጻፍኩ። ጌታሁን ፈገግ አለ። ሐዋ ግን ካርዱን አገላብጣ አየችና ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«ወሬ የሌለው ገበያ ምንድነው? እኔ ወረቀት ልገዛ አልመጣሁም። ኸላስ፣ በቃ።»

በሚቀጥለው እሑድ ቀረች። ጋሽ ቶሎሳ የወረቀቱን ክምር እያዩ፣ «አንዱን ስታቅፊ አንዱን ጣልሽ፣ ልጄ» አሉኝ። ተናደድኩ፤ እውነታቸውን ስለሆነ ይበልጥ ተናደድኩ።

ሐዋን የመለሷት ራሳቸው ናቸው። መደብሯ ድረስ ሄደው ሻጭ እንድትሆን ሾሟት። ቁርጥ የሚለው ተሠረዘ፤ ከእንግዲህ ሱቅ በተገባ ቁጥር የምትሸጠው እሷ ናት። እሷ ደስ አላት። ጌታሁን ግን ቀድሞ ከደጉ ከጋሽ ቶሎሳ ጋር መከራከር ያልቻለ ሰው፣ አሁን ከሐዋ ጋር ሊከራከር ነው። ከመግባታችን በፊት በር ላይ ያዝ አደረገኝና፣ «ት... ትዕግሥት፣ ዛሬ የመጨረሻዬ ነው። እ... እኔ ለዚህ አልሆንም» አለኝ። «እናያለን» አልኩት፤ ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ያን ቀን መንገደኞቹ ደረቁ ከተማ ደረሱ። ሐዋ ካርዶቹን እንደ መደብሯ ዕቃ ደረደረቻቸው። ጌታሁን ቅሉን አነሣ። «አራት መቶ» አለችው። ፊቱ ያሉትን ዶቃዎች እኔም ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ሁለት መቶ ስድሳ ናቸው። አፉን ከፈተ። «ሁ...» አለ። ጋሽ ቶሎሳ ሊረዱት፣ «ሁለት መቶ ነው?» አሉ። ጌታሁን አፉን ዘጋው። ካርዱን ቀስ አድርጎ ቦታው መለሰ፣ ቦርሳውን አነሣ፣ ወደ በሩ ሄደ። የጨዋታ አልነበረም። እውነቱን ነበር የሚሄደው፤ እኔ አውቃለሁ።

እጁ የበሩ መያዣ ላይ ሳለ ሐዋ ጮኸች።

«ና ውሰድ!»

ዞር አለ። ሐዋ ራሷ ደንግጣለች። በኋላ ስጠይቃት፣ «ወላሂ አላሰብኩም። ሰው ከመደብር ሲሄድ አፌ ራሱ ይጠራል» ብላኛለች። የዚያን ጊዜ ግን ካርዱን ዘርግታ፣ «ና፣ ባለህ ውሰድ» አለችው።

ጌታሁን ተመለሰ። ሁለት መቶ ስድሳውን ዶቃ ገፋላትና ቅሉን ወሰደ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። «አ... አንዲት ቃል ሳልናገር አሸነፍኩሽ፣ እትዬ ሐዋ» አላት። ጋሽ ቶሎሳ «ገለቶማ» ብለው በኦሮምኛ እያመሰገኑ ፊታቸውን በመሐረብ ጠረጉ። እኔ ደብተሬን አወጣሁ።

ሰኞ ከሥራ አስፈቅጄ ገበያ ሄድኩና ሐዋ መደብር አጠገብ ግማሽ ቀን ቆምኩ። ከሚገዙት ብዙዎቹ አፋቸውን አይከፍቱም። ጨርቁን ያነሣሉ፣ ዋጋ ይሰማሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ ሦስት አራት እርምጃ ይሄዳሉ። ሐዋ ትጠራለች፤ ሴቱንም ወንዱንም «ና ውሰድ» ነው የምትለው። በመሄድ መከራከር እንደሚቻል ዕድሜዬን በሙሉ ሳየው ኖሬ፣ ደብተሬ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ ካርድ ሁለት ዋጋ ማውጣት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሻጩ የሚጠራው ነው። ሁለተኛው ከካርዱ ጀርባ የሚጻፈው «የና ውሰድ ዋጋ» ነው። ተጫዋቹ ዕቃውን አስቀምጦ መውጣት ይችላል። ሻጩ ዳይስ ይጥላል፤ የተወሰነው ቁጥር ከወጣ ወይም ከበለጠ ይጠራዋል፣ ካነሰ ዝም ይላል።

ሁለተኛውን ዋጋ መጀመሪያ ግማሽ አደረግሁት። ሁላችንም ከየሱቁ እየወጣን የመጀመሪያውን ዋጋ የሚከፍል ጠፋ። ወደ ሦስት አራተኛ አወጣሁት፤ ያልተጠራ ሰውም እስከሚቀጥለው ከተማ ሱቅ አይረግጥም አልኩ። ያኔ ተጫዋቹ ከመውጣቱ በፊት ማሰብ ጀመረ። ዳይሱ ላይ ግን ከሐዋ ጋር ተጣላን። እኔ አራትና ከዚያ በላይ ነው ያልኩት።

«የማይጠራ ሻጭ የት አየህ?» አለችኝ። «ሁለት አድርገው።»

«አራት።»

«ሁለት፣ አንተ ትዕግሥት።»

ደብተሬን ዘግቼ ተነሣሁ። «ና፣ ሦስት» አለችኝ። እስከ ዛሬ በደንቡ መጽሐፍ ላይ ያለው ሦስት ነው።

ጌታሁን አልሄደም። በደረቁ ከተማ ማንጎውን ተከለ፤ እሑድ እሑድ ውኃ ሲያጠጣ ሁላችንም እንጠብቀው ነበር። ጋሽ ቶሎሳ የመጀመሪያውን እትም ሲያትሙ ማንጎው ያለበትን ከተማ በሽፋኑ ላይ አደረጉት። እኛም ቃሉን መጨረስ ተውንለት። ጊዜ ቢወስድበትም ይደርሳል፤ ሲደርስ ደግሞ ሊጠበቅ የሚገባ ነገር ነበር የሚናገረው።

ባለፈው ዓመት ወደ ፓዌ ተመልሶ ተዛወረ። የሄደ ቀን ሊሰናበተን ሲመጣ ጋሽ ቶሎሳ፣ ሐዋና እኔ መደብሯ ቆመን ነበር። ሐዋ ከጨርቁ ጎን አንድ የእውነት ቅል አስቀምጣለች፤ ቅል እንደማትሸጥ ሁላችንም እናውቃለን። ጌታሁን አነሣው፣ አገላብጦ አየው፣ መልሶ አስቀመጠው። ቦርሳውን ይዞ ወደ መናኸሪያው ሄደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ። ጀርባው ሲስቅ ይታየኛል። ሐዋ ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት። በእሷ ፈንታ እኔ ጮህኩ።

«ና ውሰድ!»

ተመልሶ ወሰደው። ዋጋ አልጠየቀም፤ አልነገርነውም።

አሁን አዲስ ዋጋ አውጪዎችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። እስክሪብቶአቸውን እቀማለሁ፣ እርሳስ እሰጣለሁ፣ ሦስቱን ጥያቄ አስጽፋለሁ። ከዚያ የማስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለተኛውን ዋጋ አስቀድማችሁ አውጡ፤ ሰውዬው በሩ ላይ ሲደርስ የምትጠሩበትን። የመጀመሪያው ዋጋ ከዚያ ይወጣል።