ቅቤ የጠጣ ፒኞን

ባለፈው ወር ወልቂጤ ልጄ ቤት ሰንብቼ ነበር። ከቤቷ ጀርባ አንድ ትንሽ ጋራዥ አለ፤ የጋራዡ ልጆች የወዳደቀ ብረት እየለቃቀሙ፣ ጣራም በርም የሌላት፣ መሬት ልሳ የምትሄድ የእሽቅድምድም መኪና ሠርተዋል። ፀሐይ በረድ ሲል ሊሞክሯት አወጧትና ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ። እኔም በርጩማዬን ይዤ ወጣሁ። ሞተሯ ተነሣ፤ ቆርቆሮ የሚያርገፈግፍ ጩኸት ጮኸ። መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። ነዳጅ በተሰጣት ቁጥር ሞተሩ ያብዳል፣ ጎማው ቆሞ ያየዋል።

"ምን ሆና ነው?" አልኩት አንዱን፣ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ የሆነውን።

"ፋዘር፣ ሞተሩን ከጎማው የምታያይዘው ፍሪሲዮኗ አልይዝ ብላን ነው። ይቺ ባንድ በኩል ብቻ ነው የምትይዘው። ነዳጅ ሲሰጣት ትነክሳለች፤ ኩርባ ላይ እግር ሲነሣላት ደግሞ ትለቃለች፣ ጎማው ሞተሩን ሳይጎትት በራሱ ይበራል። ፍጥነት አይባክንም። አሁን ግን መልቀቁን ለቀቀች፣ መንከሱን እምቢ አለች።"

በርጩማዬን አንሥቼ ገባሁ። ልጄ "አባባ፣ ምነው ፊትህ ተለዋወጠ?" አለችኝ። ምን ልበላት? ይሄ ሁሉ ዘመን አልፎም፣ ባዶውን የሚሽከረከር ነገር ሳይ ደሜ ይፈላል።

ወጣት ሳለሁ ቡታጅራ ሳይክል አከራይ ቤት ነበር የምሠራው። ትምህርቱን ብዙ አልገፋሁበትም፤ እጄ ግን ከብረት ጋር ቶሎ ተግባባ። ቸርኬውን ካንዱ፣ መሪውን ከሌላው እየለመንኩ የራሴን ሳይክል ገጣጠምኩ። ቀለሙ ሦስት ዓይነት ነበር፤ ሩጫው ግን አንድ።

ሳይክል ለማያውቅ ልንገር። የኋላው ጎማ ላይ ካቴናው የሚያርፍበት ጥርሳም ብረት አለ፤ ፒኞን እንለዋለን። ሆዱ ውስጥ የጥፍር ቁራጭ የሚያህሉ ሁለት ምላሶች አሉ፤ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሞላ ትገፋቸዋለች። ፔዳሉን ወደፊት ሲመቱት ምላሶቹ ተነሥተው ጎማውን ይይዛሉ። እግር ሲያርፍ ይተኛሉ፣ ጎማውም በራሱ ይሄዳል። ያን ጊዜ ነው ጢክ ጢክ ጢክ የሚለው። ቁልቁለት ላይ እሱን እንደመስማት ደስ የሚለኝ ነገር አልነበረም።

በርበሬ በሚለቀምበት ሰሞን ከአዲስ አበባ አንድ የሳይክል ቡድን አሠልጣኝ ይመጣል ተባለ። ከቡታጅራ እንሴኖ ደርሶ መልስ ውድድር ይደረጋል፤ አንደኛ የወጣውን ይዞት ይሄዳል። ማደሪያ አለ፣ ልምምድ አለ፣ እውነተኛ የእሽቅድምድም ሳይክል አለ። የሚወሰደው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። በከተማው ከሽፋና ከእኔ የሚቀድም አልነበረም፤ ሽፋ አብሮ አደጌ ነው። ከሁለታችን ደግሞ እኔ እንደምበልጥ እሱም ያውቀዋል። ሌላ ነገር ተመኝቼ አላውቅም። እንቅልፌ ውስጥ እንኳ እግሬ ይመታ ነበር።

ያሳደገችኝ አክስቴ ዘይነባ ናት። ከውድድሩ በፊት ባለው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቡላ እያማሰለች ሳይክሌን ስጠራርግ ታየኛለች።

"ከድሬ፣ የዚህ ነገር ጉልበቱ የቱ ጋ ነው?"

"እዚህ ጋ ነው እቴቴ" ብዬ ፒኞኑን አዞርኩላት። ጢክ ጢክ አለ።

"ፈረስ ቢሆን ግንባሩን እቀባልህ ነበር። ይሄ ግንባር የለው፣ ጆሮ የለው!"

"ግንባሩም ጆሮውም ይሄው ነው" አልኳትና ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

በኛ አገር ለትልቅ ነገር የተነሣ ሰው አናቱን ቅቤ ይቀባል። ሙሽራም ይቀባል፣ አራስም፣ ሩቅ መንገደኛም። በማግስቱ ከሱብሂ ሶላት በኋላ አክስቴ ለጋ ቅቤ አናቴ ላይ አደረገችልኝ፤ እጇን ዘርግታ ረጅም ዱዓ አደረገች። "አንተንም እሱንም ለአላህ ሰጥቻለሁ" አለች። "እሱንም" ያለችውን ልብ አላልኩትም። ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር፤ ሣሩ ላይ ውርጭ ተኝቷል።

ስፖርት አስተማሪው ጋሽ ታደሰ ከሰሜን የመጡ፣ ፊሽካቸው ካንገታቸው የማይወርድ ሰው ነበሩ። እሳቸው ፊሽካውን ሲነፉ ገና በመጀመሪያው ምት ከፊት ወጣሁ። ሳይክሉ እንደ ልቤ ሆነልኝ። ሽፋ ከኋላዬ ይጮኻል፤ "ከድር! ሻንጣህን አሰርክ እንዴ? ፍታው፣ ፍታው!" እኔ ምን ገዶኝ። የከተማውን ጫፍ ስናልፍ ጠጠር መንገዱ ወደ እንሴኖ ቁልቁል ይወርዳል። እግሬን አሳረፍኩ፤ ጎማው ወሰደኝ። ያ ጢክ ጢክ ድምፅ ግን የለም። ፀጥ። ዘይት ስላጠጣሁት ነው፣ እሰይ፣ አልኩ። ነፋሱ እንባዬን እያስወጣው ሁሉንም ጥዬ ወረድኩ።

ቁልቁለቱ አለቀና ፔዳሉን ረገጥኩ። እግሬ ባዶ ውስጥ ገባ። ጉልበቴ ከመሪው ጋር ተጋጨ። እንደገና ረገጥኩ፣ እንደገና ባዶ። ካቴናው የወለቀ መስሎኝ ዝቅ ብዬ አየሁ። ካቴናው ይዞራል፣ ፒኞኑም ይዞራል፤ ጎማው ግን የነሱ ዘመድ አይደለም። ሳይክሉ እየዘገመ፣ እየዘገመ ቆመ።

"ምነው፣ እዚሁ ልታድር ነው?" ብሎ ሽፋ አለፈኝ። ሌሎቹም ተከታትለው አለፉ። አንዱ እንኳ ዞሮ አላየኝም።

ሳይክሉን ገለበጥኩት። በድንጋይ መታሁት። ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ እንደገና መታሁት። መንገዱ ዳር በርበሬ ተሰጥቷል፤ እንሴኖ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች አህያቸውን እየነዱ ያልፋሉ። "ሰውዬ፣ እሱ ነው የሚሸከምህ ወይስ አንተ ነህ?" ይለኛል አንዱ። አንዲት እናት ግን ቆመው አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉ።

"አንተ ልጅ፣ የምን ክትፎ ይዘህ ነው? ኮሰረት ኮሰረት ትላለህ እኮ!"

አብረዋቸው ያሉት በሳቅ ሞቱ። አናቴ መስሎኝ ዳበስኩት። የአናቴ ግን ለጋ ነው፣ ኮሰረት አልገባበትም። ጎንበስ ብዬ ፒኞኑን አሸተትኩት። የአክስቴ ንጥር ቅቤ ነው! ለአረፋ እንግዳ ብላ በቅል ያስቀመጠችው፣ ኮሰረትና ኮረሪማ የገባበት። ሌሊት ተኝቼ ሳለ፣ ለፈረሴ ሳትሰስት አቅልጣ፣ እስከ ሆዱ አጠጥታልኛለች።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። የቀለጠው ቅቤ ውስጥ ገብቶ በብርዱ ረግቷል። መነሻ ላይ ምላሶቹ ቆመው ስለረጋባቸው ይዘውልኝ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ሲተኙ ቅቤው እንደተኙ ያዛቸው። ያቺ ፀጉር የምታህል ሞላ ምን ጉልበት አላት?

ላምባ የለኝ፣ ክብሪት የለኝ። ፒኞኑን ወደ ፀሐይ አዙሬ ተቀመጥኩ። በእጄ አሸሁት፣ ተነፈስኩበት። የማለዳ ፀሐይ እንደዚያ ቀን ሰንፋ አይቻት አላውቅም። ሰው በችኮላ ሊሞት ሲደርስ ቁጭ ብሎ ቅቤ እስኪቀልጥ መጠበቅ ምን እንደሆነ ያየው ያውቀዋል። በመጨረሻ አንዲት ቢጫ ጠብታ ካቴናው ላይ ወረደች፤ ቀጥሎ ሌላ። ጎማውን አዞርኩት፤ ጢክ አለ።

ከዚያ ወዲያ የጋለብኩትን ማንም አላየልኝም። እንሴኖ ስደርስ መዞሪያው ላይ የቆሙት ሰዎች ሸንኮራ እየመጠጡ ወሬ ይዘዋል። ሽቅቡን ስመለስ ከቀደሙኝ ብዙዎቹን አልፌአቸዋለሁ። ጭኔ እሳት ሆኖ ነበር፤ ቢሆንም ይታዘዘኛል። ቡታጅራ መናኸሪያው ጋ ስደርስ ግን አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቷል። ሽፋ በመስኮት ብቅ ብሎ እጁን ያወዛውዛል፤ አሠልጣኙ ከጎኑ ተቀምጧል። እኔን አላወቀኝም፤ ከየት ያውቀኛል?

"ጋሽ ታደሰ፣ ሳይክሉ ነው! መያዝ እምቢ ብሎኝ ነው!" አልኩ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ።

ጎንበስ ብለው ፒኞኑን አዞሩት። ጢክ ጢክ ጢክ። አጥርቶ። አይተውት ቀና አሉና፣ "ከድር፣ ይሄማ እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው" አሉኝ፤ በርኅራኄ ነው ያሉኝ፣ እሱ ነው የባሰው።

"ጉልበቱ ከድቶት ነው!" አለ አንዱ ከኋላ። ሰዉ ሳቀ።

ቅቤ ነው ብል ማን ያምነኛል? ቢያምኑኝስ? በዚያ ከተማ አንድ ስም ከወጣ እስከ መቃብር አይወልቅም። ዘይነባ "ሳይክል ቀቢዋ" ሆና ገበያ ልትወጣ ነው። ሳይክሌን እየገፋሁ ወደ ቤት ሄድኩ።

ቤት ስገባ አክስቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ጉልበቴን፣ ክርኔን፣ መዳፌን አገላብጣ አየች። ከተወዳዳሪዎቹ ሁለቱ ወድቀው ተፈንክተው ወሬው ደርሷት ነበርና፣ "አልሐምዱሊላህ! አንዲት ጭረት የለችብህ! ሳይክሉንም ቀብቼልህ ነበር እኮ፣ አልነገርኩህም?" አለችኝ።

"አልነገርሽኝም እቴቴ።"

"እሱ ነው በሰላም የመለሰህ። ማሸነፉማ ሌላ ቀን ይደርሳል።"

"ደግ አደረግሽ" አልኳት። ቆጮ በዚያው ቅቤ አርሳ አቀረበችልኝ። ያው ኮሰረት ሸተተኝ፤ ሳላስተርፍ በላሁት። ሌላ ቀን አልደረሰም። አሠልጣኙም ሆነ ቡድኑ ተመልሶ አልመጣም።

አክስቴ ከሞተች ብዙ ዘመኗ ነው፣ አላህ ይዘንላት። ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው ይሉኛል፤ አዎ፣ ቀደር ነው። ግን ሰው ክፉ ሲሠሩበት ንዴቱን የሚያሳርፍበት አያጣም። እኔ የት ላሳርፈው? ብርቅዬ ቅቤዋን ሳትሰስት ያፈሰሰችልኝ ሴትዮ ላይ?

ሽፋ በየአረፋው ከአዲስ አበባ ይመጣል። ደግ ሰው ነው፤ ለልጆቼ ልጆች ከረሜላ ሳይዝ አይመጣም። ባለፈው አረፋም ሁሉንም ሰብስቦ ያንን ውድድር ተረከላቸው፤ ደህና አድርጎ ነው የሚተርከው። ሲጨርስ ጉልበቴን መታ መታ አድርጎ፣ "አያታችሁ እኮ ፈጣን ነበር፣ ይቺ ጉልበቱ ባትከዳው ኖሮ" አላቸው። ልጆቹ ሳቁ፤ አክስቴን ከነሱ የሚያውቃት የለም፤ ብናገር በቅቤዋ ብቻ ሊያውቋት ነው። እኔም እንደ ወትሮዬ ሳቅኩ።

ጉልበቴስ ደህና ነበር።