ሜልበርን የደረስነው ለቅሶ

ከአዳማ ቦሌ

ከአዳማ የወጣነው ታኅሣሥ ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ ነው። ልጃችን ናትናኤል ከሚስቱ ከሄለን ጋር ሜልበርን በምትባል የአውስትራሊያ ከተማ ይኖራል። የመጀመሪያ ልጃቸው ናኦሚ ተወልዳ መንፈቅ ሊሞላት ነው። የልጅቷን ዓይን አይተን፣ ሦስት ወር አግዘናቸው እንመለስ ነበር ሐሳቡ። የማን ሐሳብ ቢባል የእኔ ነው።

ናትናኤል ገና ትኬቱ ሳይቆረጥ «አባዬ፣ እማዬ ብትቆይልንስ?» ማለት ጀምሮ ነበር። ሁለቱም ሠራተኞች ናቸው፤ የሕፃናት ማቆያው ዋጋ ደግሞ የሚቀመስ አይደለም። እኔ «አብራኝ ሄዳ አብራኝ ትመለሳለች» ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። ጋራዤን ለወንድሜ ልጅ አስረክቤ ቤት መዋል ከጀመርኩ ወዲህ፣ ያለ ባለቤቴ ያለ ጫልቱ አዳማ ላይ ምን እሠራለሁ? ይህን ግን ለልጄ አልነገርኩትም። ለእሱ የነገርኩት ስለ ትኬት ነው።

በፈጣኑ መንገድ ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ስናልፍ ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች ተሰልፈው ቆመዋል። ስንቶቹን በእነዚህ እጆች ፈታትቼ እንደገጠምኳቸው ለሾፌሩ አወራለት ጀመር። ጫልቱ ግን ሐሳቧ ሻንጣው ላይ ነበር። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶና አንድ ጣሳ ቅቤ ይዛለች። ሜልበርን አየር ማረፊያ ላይ ቅቤውን ወሰዱብን። በርበሬውን አንዷ ፈታሽ ከፍታ አሸተተችው፤ አስነጠሳትና መለሰችልን።

ኑሮ በሜልበርን

እኛ ስንደርስ እዚያ በጋ ነው። ፀሐዩ የአዳማን ያስንቃል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ድንገት ንፋስ ይነሳና ሹራብ ያስለብሳል። የልጆቹ ቤት ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ ሁሉም ግቢ አጭር አጥር ባለበት ጸጥ ያለ መንገድ ላይ ነው። ናትናኤል በማለዳ ሥራ ይሄዳል። ሄለን ነርስ ናት፤ ሌሊት ሠርታ ቀን ትተኛለች። ቀኑን ሙሉ ቤቱ የእኔ፣ የጫልቱና የናኦሚ ነው።

ሥራ ተከፋፈልን። ምግቡ የጫልቱ ነው። የእኔ ቆሻሻ መለየት ነው፤ እዚያ አገር ቆሻሻም እንደ ዘሩ ይለያል፣ የተሳሳተ ገንዳ ውስጥ ከጨመርክ ሳያነሱልህ ያልፋሉ። ከአሥር ሰዓት በኋላ ደግሞ የልጅቷን ጋሪ እየገፋሁ ወንዙ ዳር አንሸራሽራታለሁ። አዳማ ላይ ይህን ባደርግ ፖስታ ቤት ሳልደርስ ስም ይወጣልኝ ነበር። እዚያ ማንም ዞር ብሎ አያየኝም፤ በመጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ቆይቶ ግን ማንም ዞር ብሎ አለማየቱ ራሱ ከበደኝ።

ጫልቱ የመቂ ልጅ ናት፤ አባቷ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርቱ ነበር። ገበያ ስንሄድ የቲማቲሙን ዋጋ በብር ታሰላና እንደ ጋለ ብረት ቶሎ ታስቀምጠዋለች። እሁድ እሁድ ያገራችን ሰዎች በተከራዩት አዳራሽ ውስጥ እናመልካለን። ከፕሮግራም በኋላ ሻይ አለ። እዚያ ሳምንቱን ሙሉ ያልተወራው ሁሉ በአማርኛም በኦሮምኛም ይወራል።

ነገሩ ግን አልተዘጋም። ናትናኤል በየሳምንቱ ያነሳዋል፣ እኔም በየሳምንቱ እመልሰዋለሁ። «ለጥቂት ወራት እኮ ነው፣ የመቆያ ፈቃዷ ዓመት ይዟል» ይላል። «ትኬቷ የደርሶ መልስ ነው» እላለሁ። ጫልቱ በመካከላችን ልጅቷን ታበላለች።

ከአጥር ወዲያ

አንድ ጠዋት ከጎረቤት የመኪና ሞተር አልነሳ ብሎ ሲያስል ሰማሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብል ደስ ባለኝ፣ ግን ይህን ሁሉ ዘመን ሞተር ሲያዳምጥ የኖረ ጆሮ አያስቀምጥም። ዞሬ ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ የአሮጌ መኪና ኮፋኖ ከፍተው ቆመዋል። እንግሊዝኛዬ ከሰላምታ አይዘልም፤ በጣቴ እያመለከትኩ «ካንዴላ?» አልኩ።

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ካንዴላ!» አሉ ደንግጠው። ለካስ ጣሊያናዊ ናቸው፣ በወጣትነታቸው ወደዚያ አገር የመጡ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን ስንባባል ዋልን። ጣሊያን አገራችን ጥሎት የሄደው የጋራዥ ቋንቋ አንድ ቀን ለወዳጅነት ይጠቅመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ስማቸው ቪቶ ነው፤ እኛ ሲኞሩ አልናቸው።

መኪናው ተነሳ። በማግሥቱ ሲኞሩ ከጓሯቸው ቲማቲም በሳህን ላኩ። ጫልቱ ቲማቲሙን አገላብጣ አየችና «ውኃ አብዝተውበታል» አለች። ከዚያ በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ ቅርንጫፉን መቀነስ አስተማረቻቸው፣ በእጅ ምልክት። እሳቸው ግን በየቀኑ ረፋድ ላይ ትንሽ ቦርሳ አንጠልጥለው በባቡር ይሄዳሉ፤ ወዴት እንደሆነ አላወቅንም። ጋራዥ ውስጥ ስለ ቤተሰብ መጠየቂያ ቃል የለም።

ቅዳሜ

የካቲት ውስጥ ልጆቹ እረፍት ወስደው የሄለን እህት ወዳለችበት ወደ ሲድኒ ይዘውን ሄዱ። ሁለት ሳምንት ቆይተን ዓርብ ሲመሽ ተመለስን። ቅዳሜ ጠዋት ናትናኤል ሥራ ገባ፤ ሄለን ከልጅቷ ጋር ተኝታለች። ጫልቱ መስኮቱ ጋ ቆማ ጠራችኝ።

«ታደሰ፣ ና እስቲ። የሲኞሩ ደጅ ሰው ሞልቷል።»

አየሁ። መኪና በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድሯል። ሰው እጁን አጣምሮ ዝም ብሎ ቆሟል። ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ ወዲያ ወዲህ ይላል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ሰው ሁለት ሁለት እየሆነ ይገባል፣ እያንሾካሾከም ይወጣል። አጥሩ ላይ የቤቱ ፎቶ ያለበት ትልቅ ሰሌዳ ቆሟል፤ እዚያ አገር ሰሌዳ የማይቆምበት ቦታ ስለሌለ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

«ሞተዋል» አለች ጫልቱ። «ስንሄድም ያስላቸው ነበር።»

«ናትናኤል እስኪመጣ ብንጠብቅስ?»

«ለቅሶ በቀጠሮ ነው እንዴ?»

ጥቁር ኮቴን ለበስኩ። እሷ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ ባዶ እጅ አይኬድም ብላም ማለዳ የጋገረችውን ዳቦ በፎጣ ጠቀለለች። በሩ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ስማችንንና ስልካችንን ጠይቃ መዘገበች። እኔ በእድር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለቅሶ ላይ ስም እንደሚያዝና የቀረም እንደሚቀጣ አውቃለሁ። ስሜን እስከ አያቴ ነገርኳት፣ ስልክ የናትናኤልን ሰጠኋት።

ሳሎኑ ተለውጧል። የሲኞሩ አሮጌ ሶፋ የለም፤ በቦታው ነጭ አዲስ ሶፋ ተቀምጧል። ለለቅሶ ዕቃ ማውጣት ያለ ነው፣ ሶፋውንም ተውሰው ይሆናል አልኩ። ገብተን ተቀመጥን፣ አቀረቀርን። ሌላ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። አንዱ ቁም ሣጥን ይከፍታል፤ አንዷ ግድግዳውን በሜትር ትለካለች። ሬሳው ሳይወጣ ውርስ መለካት ሲጀመር ሳይ ደሜ ፈላ። ጫልቱም አየች። እስከዚያ ድረስ ይዛው የቆየችው እንባ አመለጣት።

«ወይኔ ወንድሜ!» አለች። «ወይኔ ሲኞሩ! ሰው ሳይኖርዎት፣ አልቃሽ ሳይኖርዎት!»

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባለበት ቀረ። ሴትዮዋ ሜትሯን ጣለች። ባለ ጥቁር ልብሱ ሮጦ ገባ። ያኔ የጓሮው በር ተከፍቶ ሲኞሩ ራሳቸው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ብቅ አሉ። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። ጫልቱ ግን ብድግ ብላ ሁለት እጃቸውን ይዛ ደጋግማ ሳመቻቸው፤ ለቅሶዋንም አላቋረጠችም።

ሄለን የአማቷን ድምፅ ሰምታ በሌሊት ልብሷ፣ ልጅቷን አቅፋ ደረሰች። «ጋሼ፣ ምን ሆናችሁ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ከባለ ጥቁር ልብሱ ጋር ጥቂት ተነጋገረችና ፊቷን በልጅቷ ብርድ ልብስ ሸፈነች፤ ትስቅ እንደነበር በኋላ ነው የገባኝ።

ለካስ ቤቱ እየተሸጠ ነው። እዚያ አገር ቤት በጨረታ ሲሸጥ ገዢው ደጅ ላይ ቆሞ ዋጋ ይጠራል፤ ከዚያ በፊት የፈለገ ገብቶ ያያል። ነጩ ሶፋ ቤቱን ለማሳመር የተከራዩት ነው፤ ባለ ጥቁር ልብሱም ጨረታ መሪው። ሄለን ይህን ለእኛ ከነገረችን በኋላ የእኛን ነገር ደግሞ ለሲኞሩ ነገረቻቸው። ሲኞሩ አልሳቁም። ዳቦውን ተቀብለው አሸተቱት፤ ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁ።

«ለእኔ ነው ያለቀሰችው? እያሉ ነው» አለች ሄለን።

«አዎ በያቸው» አለች ጫልቱ፣ አሁን አፍራ ነጠላዋን እያስተካከለች።

ያኔ ሳቁ። አጠገባችን ነጩ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ዳቦውን ቆረሱ። ውጭ ባለ ጥቁር ልብሱ ዋጋ እየጠራ ይጮሃል፤ እሳቸው ወደዚያ ዞር ብለውም አላዩም። ለምን እንደሚሸጡት በሄለን አፍ ጠየቅናቸው። ሚስታቸው ማስታወስ ከተሳናት ቆይቷል፤ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው ያለችው። በየቀኑ በባቡር የሚሄዱት ወደ እሷ ኖሯል። አሁን ከእሷ ጎን አንድ ክፍል ተለቀቀና ሊገቡበት ነው።

«ምግቡ እንዴት ነው?» አለች ጫልቱ።

«መጥፎ ነው።»

«ክፍሉስ?»

«ጠባብ ነው።»

«ታዲያ?»

«ሚስቴ እዚያ ናት» አሉ።

ከቅዳሜው በኋላ

ማታ ናትናኤል ሲገባ አፌን አሹዬ ጠበቅኩት። «አየህ፣ ሰው ከሚስቱ ላለመለየት ቤቱን ይሸጣል። አንተ እኔንና እናትህን ልትለያየን ትታገላለህ» አልኩት። ልጁ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። እኔም ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ጫልቱ ልጅቷን እያጠበች ነበር። «ሲኞሩ ሚስታቸውን ጠይቀዋት ይሆን?» አለች።

«ምኑን?»

«ይምጡልኝ ትል እንደሆነ።»

«የምትረሳ ሴት እኮ ናት።»

«እኔ ግን አልረሳም» አለች፣ ቀና ሳትል።

ናትናኤል እኔን አየኝ፣ እኔም እሱን። ሁለት ወንዶች ከታኅሣሥ ጀምሮ ስለ አንዲት ሴት ስንከራከር፣ እሷን የጠየቀ አልነበረም። እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ውሸት ነው፣ ተኝቻለሁ፤ ጠዋት ግን ስነቃ መጀመሪያ የታወሰኝ ይኸው ነው። ከሰዓት አብረን ወጥተን፣ ወንዙ ዳር ጋሪውን እየገፋሁ «ጫልቱ፣ አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። በትዳር ዘመናችን እንዲህ ብዬ ጠይቄያት እንደሆነ ለማስታወስ ሞክሬ አቃተኝ።

ትንሽ እንደሄድን «ልጅቷ እስክትራመድ ልቆይ» አለች። «ናትናኤልን ስወልድ እናቴ በሕይወት አልነበረችም። ብቻዬን ምን እንደሆንኩ አንተ ጋራዥ ነበርክ፣ አታውቀውም። ሄለን እንደዚያ እንድትሆን አልፈልግም። ስትራመድ እመጣለሁ።»

ከፋኝ፤ አልዋሽም። አብራኝ እንድትመለስ ነበር የጠበቅኩት፤ የጠየቅኩትም «ካንተ ጋር እሄዳለሁ» ትለኛለች ብዬ ነው። ግን ከጠየቁ ወዲያ መልሱን አልቀበልም ማለት ዓይንን በጨው ማጠብ ነው። «እሺ» አልኩ። ጋሪውን ወደ ቤት አዞርኩ።

አዳማ

መጋቢት ላይ ብቻዬን ተመለስኩ። በመስኮት በኩል ያለው ወንበር የጫልቱ ነበር፤ አንድ ወጣት ተቀምጦበት ቦሌ እስክንደርስ ተኛ። አዳማ ስገባ ሙቀቱ ተቀበለኝ፣ ከዚያ ጎረቤቱ። «እንኳን በሰላም ገባህ» ብለው ሳይጨርሱ «እሷስ?» ይላሉ። መቂ ሄጄ ለወንድሟ ስነግረው ሽንኩርት እያስጫነ ነበር፤ ደላሎቹ እየሰሙ «ሸጥካት እንዴ፣ ሶዳ?» አለኝ፣ አማቼ ማለቱ ነው። አብሬ ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን ሳቁ አልነበረም። ሽሮ አሳረርኩ፤ ማታ ማታ ቴሌቪዥኑን የምከፍተው ሰው እንዲያወራ ብዬ ነው። ናፈቀችኝ።

ሰው ሜልበርንን እንዴት አየኸው ሲለኝ ስለ ቆሻሻው አለያየትና ስለ ጨረታው አወራለታለሁ። የተማርኩት ግን ሌላ ነው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኔ መናገር መቼ አነሰኝ? የጎደለኝ መጠየቅ ነበር። እርጅና ላይ መማር ያሳፍራል፣ አለመማርም ያሳፍራል።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ናትናኤል በስልክ ቪዲዮ ደወለ። ናኦሚ ሶፋውን ለቃ ቆማለች። ከወዲያ ጫልቱ እጇን ዘርግታ «ኮቱ፣ ኮቱ» ትላታለች፣ ነይ ማለቷ ነው። ልጅቷ እየተንገዳገደች ሄዳ እቅፏ ውስጥ ወደቀች። እኔ አዳማ ሆኜ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

በማግሥቱ ጫልቱ ደወለች፤ ስለ ብርዱ አወራች። በሚቀጥለው ቀን ስለ ሄለን ሥራ። ስለ መምጣት ቃል አላነሳችም። «ነይ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፣ ግን ትእዛዝ ይመስልብኛል ብዬ ዋጥኩት። ሳምንት እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ራሴ ደወልኩ።

«ጫልቱ፣ መቼ ልትመጪ አሰብሽ?»



«ሄለን ትኬቴን የቆረጠችልኝ ልጅቷ የተራመደች ዕለት ነው» አለች። «ቅዳሜ እገባለሁ።»

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እስክትጠይቀኝ ነዋ።»